የስፖርት ታሪክ ክበብ፦ ከህንድ ባዶ እግሮች ጋር የከረምንበት ዓመት

ክበባችን በመስከረም ሲቋቋም 31 ተማሪዎች ተመዝግበው ነበር። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ውጤት የሚወራበት እንዳልሆነ ሲታወቅ 14 ብቻ ቀረን። ለዓመቱ ህንድን የመረጥነው አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «ህንዶች ኳስ ይጫወታሉ እንዴ? የእነሱ ክሪኬት አይደለም?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ስላጣሁ ነው።

መልሱ በህንዷ ከተማ ካልካታ ተገኘ። በ1889 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተመሠረተው የእግር ኳስ ክለብ ሞሁን ባጋን በ1911 አይ ኤፍ ኤ ሺልድ በተባለው የህንድ ዋንጫ ፍጻሜ የኢስት ዮርክሻየርን የእንግሊዝ ጦር ቡድን 2 ለ 1 አሸነፈ። ቅኝ ተገዢው የገዢውን ወታደር በራሱ ጨዋታ ረታው ማለት ነው። ከ11ዱ ተጫዋቾች ጫማ ያደረገው አንድ ብቻ ነበር። አንዲት አባላችን ለግድግዳ ጋዜጣው 22 እግሮች ሣለች፤ 20ዎቹ ባዶ፣ ሁለቱ ታኬታ ያጠለቁ። አንደኛው ባዶ እግር ላይ ስድስት ጣት ተቆጠረ። እንዲሁ ተለጠፈ።

እኛም በባዶ እግር ሞከርነው። የሜዳችን ጠጠር አሥር ደቂቃ እንኳ አላስጨረሰንም፤ በገጠር የጨርቅ ኳስ ሲያንከባልል ያደገ አንድ ተማሪ ብቻ ሳያነክስ ቀጠለ።

ስሕተታችን የመጣው በጥር ነው። «ህንድ ከ1950ው የዓለም ዋንጫ የቀረችው ፊፋ ባዶ እግር ስለከለከለ ነው» ብለን በሰልፍ ሰዓት በሚኒ ሚዲያ አሰማን። ጽሑፉን ያረምኩት እኔ ነኝ። ወሬው ጣፋጭ ስለሆነ ሁሉም ይደጋግመዋል፤ ነገር ግን ህንድ ወደ ብራዚል ላለመሄድ የወሰነችው ከምድብ ድልድሉ በኋላ ራሷ ናት። ፌዴሬሽኑ የልምምድ ጊዜ ማነስንና የተጫዋቾች ምርጫ አለመግባባትን አቀረበ፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ከዓለም ዋንጫው ይልቅ ኦሊምፒክ ይከበር ነበር። በ1948 የለንደን ኦሊምፒክ ህንዶቹ አብዛኞቹ በባዶ እግር ተጫውተው፣ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አምክነው፣ በፈረንሳይ 2 ለ 1 ብቻ ተሸንፈዋል። ጫማ ግዴታ የሆነው ዩጎዝላቪያ በ1952 በሄልሲንኪ 10 ለ 1 ከረታቻቸው በኋላ ነው። ማስተካከያውንም በሰልፍ ሰዓት አነበብነው፤ እንደ መጀመሪያው ግን ያዳመጠን የለም።

ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ሳምንት ጃካርታን ያጠናንበት ነው። እዚያ በተካሄደው የ1962ቱ የእስያ ጨዋታዎች የህንድ አሰልጣኝ ሰይድ አብዱል ራሂም በካንሰር ታሞ ነበር። ተከላካዩ ጃርኔይል ሲንግ በምድብ ጨዋታ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ተሰፋ። ራሂም ግን አላስቀመጠውም፤ አጥቂ አድርጎ አሰለፈው። በፍጻሜው በምድቡ 2 ለ 0 የረታቻቸውን ደቡብ ኮሪያን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ አንዷን ጎል ፒ. ኬ. ባነርጂ፣ ሌላዋን ይኸው ቁስለኛ አገባ። ራሂም በዓመቱ ዐረፈ። ያው 1962 ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳችበት መሆኑን ስነግራቸው ክፍሉ ለአፍታ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱም አገሮች ምን ነካቸው የሚለው ክርክር ደወሉን አስረሳን።

የዘጠነኛ ክፍሉ ጠያቂ ለሚቀጥለው ዓመት ክሪኬትን አቅርቧል። ደንቡን የሚያስረዳን ሰው እየፈለግን ነው።