ለመቐለዋ የዶርም ጓደኛዬ

ውድ ለተብርሃን፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ታኅሣሥ 2015 የመቐለ ስልክ ዳግም መሥራት ሲጀምር ቁጥርሽን አውጥቼ ደጋግሜ ተመለከትኩት እንጂ አልደወልኩም፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ዝምታ በመስመሩ መቋረጥ ላመካኝ እችላለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ግን የራሴ ነው። በ2013 ክረምት እኔ በአውቶቡስ ወደ ቤተሰቦቼ ስመለስ አንቺ እዚያው ቀረሽ፤ ከፕሪቶሪያው ስምምነት በፊት የነበረውን ያን ሁሉ ወር እንዴት እንዳለፍሽው ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ።

አሁን እንድጽፍልሽ ያደረገኝ ለሥነ ልቦና ትምህርቴ የሞላሁት መጠይቅ ነው። ኮነርና ዴቪድሰን እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት፣ መከራን የመቋቋም አቅምን የሚለካ 25 ጥያቄ ያለው ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ተሰጥቶ ድምሩ ከ100 ይታሰባል። ከፍተኛ ውጤት አገኘሁ። በዚያው ሌሊት ግን አንድ ነገር ሲፈነዳ ሰምቼ አልጋ ሥር ገባሁ። (የአይሱዙ ጎማ ነበር፤ ጠዋት ሾፌሩ ሲቀይር አየሁት።)

ውጤቱ ሐሰት ነው አልልም። ሆኖም አብዛኞቹ ጥያቄዎች በውስጤ ስላለው ጥንካሬ የሚጠይቁ ሲሆኑ፣ የፌዴራሉ ጦር መቐለን ከለቀቀበት ከሰኔ 21 በኋላ ስልኩም ባንኩም ተቋርጦ በመቐለ ዩኒቨርሲቲ አዲ ሐቂ ግቢ የቆየንባቸውን ሳምንታት ሳስታውስ የማገኘው የእኔን ብርታት ሳይሆን አንቺን ነው። ክፍል በሌለበት ጊዜ እንኳ በየጠዋቱ ዶርሙን እንድንጠርግ ታስገድጂን ነበር፤ ቁርስ ሳይቀመስ ወሬ እንዳይወራ የከለከልሽውም አንቺ ነሽ። እናትሽ የላኩልሽን በሶ በማንኪያ እየቆጠርሽ ለስድስታችን ስታካፍይ የመጨረሻው ማንኪያ ሁልጊዜ የአንቺ ነበር። ወንድምሽ የት እንዳለ ሳታውቂ፣ እኔ ስለ እናቴ ሳለቅስ «የጠፋው ስልኩ እንጂ እናትሽ አይደሉም» ብለሽ ስታጽናኚኝ፣ ለአንቺ ማን እንዲልልሽ አስበሽ እንደነበር እስከ ዛሬ አልጠየቅኩሽም።

እዚህ፣ ያለፍኩትን የሰማ ሁሉ «ጠንካራ ነሽ» ይለኛል። ለማበረታታት መሆኑን ባውቅም፣ ያንን ከሰማሁ በኋላ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ለመናገር አፌ አይከፈትም። ስለዚህ ጠንካራ ነሽ አልልሽም፤ ወንድምሽ ተገኘ ወይ? ትምህርትሽስ ከምን ደረሰ?

የስታቲስቲክስ ደብተርሽ ሳላውቀው በሻንጣዬ ገብቶ መጥቶ እኔ ዘንድ አለ፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ የበሶው ማንኪያ ቁጥር በእጅ ጽሑፍሽ ሰፍሯል። በማን በኩል እንደምልክልሽ ንገሪኝ። ቁጥሬ አልተለወጠም።

ጓደኛሽ