መሳቢያ ውስጥ የተረሳው ሎሽን ይፈለጋል

እኅቶች፣ እናቶች፣ ጎረቤቶች፣ እንደምን ከረማችሁ? ይህን የምጽፍላችሁ ሰሚት ኮንዶሚኒየም የምንኖር ጥቂት ሴቶች ለሴቶች መጠለያ መዋቢያና የንጽሕና ዕቃ ለማሰባሰብ ስለጀመርነው ሥራ ነው። ብቻችንን አልቻልነውም። እጃችሁን እንፈልጋለን።

እስቲ ዛሬ ማታ መሳቢያችሁን ክፈቱ። ከአሜሪካ የመጣች ዘመድ የሰጠቻችሁ፣ ሽታው ያልተስማማችሁ ሎሽን አለ አይደል? ከመልካችሁ ጋር ያልሄደ ፋውንዴሽን? ከነካርቶኑ የተቀመጠ ሽቶ? እኔ ጋ ሰባት ሎሽን ተገኘ። አራቱ አልተከፈቱም። «ለሰው እሰጠዋለሁ» እያልኩ ዓመታት አለፉ።

ባለፈው ዓመት ወደ አንድ የሴቶች መጠለያ ልብስ ይዘን ሄድን። ቤታቸው ውስጥ ጥቃት የደረሰባቸውና ከአረብ አገር ተጎድተው የተመለሱ ሴቶች የሚያርፉበት ነው። ስሙንና ሰፈሩን የማልጽፈው ለእነሱ ደኅንነት ስል ነው። እዚያ የምትሠራ እኅት «ልብስስ ይመጣልናል፣ ተመስገን። የሚያልቅብን ሳሙና፣ ቅባትና ሞዴስ ነው» አለችን።

ጥግ ላይ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ከለበሰችው በቀር ምንም ሳትይዝ ነው የመጣችው። ጸጉሯ ተቋጥሮ ተቋጥሮ ጣት አያስገባም። ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን የጸጉር ቅባት ሰጠኋት። ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው። ከዚያ ጓደኛዋ ከኋላዋ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና ትፈታላት ጀመር። ከጫፉ እየጀመረች፣ ቀስ እያለች። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። ሹሩባው ሲያልቅ ልጅቷ መስታወት ፈለገች። ግቢው ውስጥ ያለው መስታወት መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰካው ስባሪ ብቻ ነው። እዚያ ገብታ ቆየች። ስትወጣ ስሟን ነገረችን። እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያሰብነው ይህን ነው። መጠለያው አዲስ ለምትገባ ለእያንዳንዷ ሴት አንድ ቦርሳ ይድረሳት። ሳሙና፣ ሻምፖ፣ ሎሽን ወይም ቫዝሊን፣ የጸጉር ቅባት፣ ማበጠሪያ፣ ዲኦድራንት፣ ሞዴስ፣ የጥርስ ብሩሽ ይኑርበት። ሊፕስቲክና ኩልም ይግባበት። «እሱ ቅንጦት ነው» ያሉን ሰዎች አሉ። እኔ አልስማማም። ሌላው ሐሳባችን አንዷን ክፍል ጸጉር መሥሪያ ማድረግ ነው። ከእኛ መሃል ጸጉር ቤት ያላት ጎረቤታችን ቅዳሜ ቅዳሜ ሄዳ ሙያውን ልታስተምር ቃል ገብታለች። ካስክ፣ ፒያስትራና ቢጎዲን የቀየራችሁ ባለሳሎኖች፣ የድሮው የሚሠራ ከሆነ አትጣሉት።

አሁን ወደ አደራው ልምጣ። የመጀመሪያው ዙር ላይ ከመጣልን ካርቶን ግማሹን ማስወገድ ነበረብን። የጣት ምልክት ያለበት ክሬም፣ የደረቀ ማስካራ፣ የተቀባ ሊፕስቲክ ነበረበት። በክፋት አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ማስካራና ኩል ዓይን ይነካሉ፣ ሕመም ከሰው ወደ ሰው ያስተላልፋሉ። ስለዚህ ያልተከፈተ ብቻ እንቀበላለን። ለገዛ እኅታችሁ በስጦታ የማትሰጡትን ለእነዚህም አትስጡ።

ቀኑንም እዩልን። አንድ ክሬም ላይ 03/2024 ይላል። ያመጣችው እኅት «ገና ዓመታት ይቀሩታል» ብላ አሰበች። የፈረንጅ አቆጣጠር ነው እኮ! በእኛ የካቲትና መጋቢት 2016 ማለት ነው። ቀን የሌለውም ያጋጥማችኋል። አሜሪካ መዋቢያ ላይ ማብቂያ ቀን መጻፍ ግዴታ አይደለም። አውሮፓም ሳይከፈት ከ30 ወር በላይ የሚቆይ ከሆነ ቀኑ ይቀርና፣ ክዳኑ የተከፈተ ዕቃ ሥዕል ይደረግበታል። ሥዕሉ ላይ 12 እና «ኤም» የሚል ፊደል ካያችሁ፣ ከተከፈተ በኋላ 12 ወር ያገለግላል ማለት ነው። ቀን ከሌለው መቼ እንደተገዛ በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉበት።

ቆዳ የሚያቀላ ክሬም ግን ያልተከፈተም ቢሆን አንቀበልም። በዚህ አንደራደርም። አንዳንዱ ውስጥ ሜርኩሪ አለ። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል፣ ከተቀባችው እናት በፎጣና በእጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። አንዳንዱ ሃይድሮኪኖን የሚባል ኬሚካል አለበት፤ የአውሮፓ ኅብረት ቆዳ ከሚያቀላ ክሬም ውስጥ ያገደው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። አንዳንዱ ውስጥ ያሉት ክሎቤታሶልና ቤታሜታዞን ደግሞ የሐኪም መድኃኒት ናቸው፣ ሲዘወተሩ ቆዳ ያሳሳሉ። ስንት ችግር ያየች ልጅ እጅ ላይ ይህን አናኖርም። ቤት ውስጥ ካላችሁ መጠቀሙን አቁሙ። ሜርኩሪ አለበት ብላችሁ የምትጠረጥሩትን ሽንት ቤት አትድፉት፣ በፌስታል ጠቅልላችሁ ልጅ የማይደርስበት አስቀምጡ።

የተረፈው ቀላል ነው። የተከፈተ ግን ደህና የሆነ ሎሽን ለእግራችሁ ይሁን። ባዶ ጠርሙሱንና ፕላስቲኩን ቆራሌው ይወስደዋል። ሽቶና ስፕሬይ ከቆሻሻ ጋር እንዳታቃጥሉ፣ ይፈነዳል። አሴቶንና የጥፍር ቀለም የውኃ ቱቦ ውስጥ አይደፋ።

ለእንቁጣጣሽ ከውጭ የምትመጡ ወገኖች፣ ሻንጣችሁ ውስጥ ጥቂት ኪሎ ከተረፈች ማስካራው ይቅርና ዲኦድራንትና የጸጉር ቅባት ጨምሩልን። ዕቃ የሌላችሁ ደግሞ ገንዘብ ብታዋጡ ለሞዴስ፣ ለመደርደሪያና ለመኪና ኪራይ ይውላል። ሃምሳ ብርም ብትሆን ትመዘገባለች። የገባውና የወጣው በየወሩ እድሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

እስከ ጳጉሜን 3 ቅዳሜና እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት የእድራችን ዕቃ ቤት ክፍት ነው። ካርቶኖቹ ከድንኳኑ አጠገብ ናቸው። ቦርሳዎቹን ለአዲስ ዓመት ዋዜማ ልናደርስ ነው የምንሮጠው።

ቁመት ሙሉ የሚያሳይ መስታወት ያላችሁ ግን ቅዳሜን አትጠብቁ። ቀድማችሁ ንገሩን፣ መጥተን በጥንቃቄ እንወስዳለን።