የምንለምነው ለሄሊኮፕተሩ አይደለም

ለሄሊኮፕተር ገንዘብ መለመን ቀላል ነው። ድምፁ ሲሰማ ሰው ቀና ይላል፣ ልጆች እጃቸውን ያውለበልባሉ፣ ፎቶም ያምርበታል። እኛ ዛሬ እጃችንን የዘረጋነው ግን ለአንድ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ነው። እግር የለውም። ደረቱ የሚሠራው በስፕሪንግ ነው። ስንቱ ሲጫነው ኖሮ አንድ ጎኑ ሰምጧል።

እኔ የአየር አምቡላንስ ነርስ ነኝ። በረራ በሌለን ቀን ከባልደረቦቼ ጋር በየትምህርት ቤቱና በየሥራ ቦታው እየዞርን የመጀመሪያ እርዳታ እናስተምራለን። ጥሪያችን ለዚህኛው ሥራ ነው፤ አሻንጉሊቱም ደረት መጫን የምናለማምድበት ነው።

የአየር አምቡላንስ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው በሽተኛ አንስቶ ወደ ሆስፒታል መክነፍ ነው። እሱም አለ። ግን ሕክምናው የሚጀመረው እዚያው መሬት ላይ ነው። መተንፈሻ ማሽን፣ ኦክስጅን፣ የልብ መቆጣጠሪያና ማደንዘዣ ይዘን እንሄዳለን። ደም ጭነው የሚበሩም አሉ፤ የለንደኑ አየር አምቡላንስ ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንዲህ ያደርጋል። ታዲያ ሁሉም ነገር እንደ ፊልም ፈጣን እንዳይመስላችሁ። ጥሪ ይመጣል። ፓይለቱ አየሩን ያያል። ሞተር ይነሳል። በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ብንበርም መንገድ መንገድ ነው። ከዚያ ማረፊያ መፈለግ አለ። ካረፍን በኋላ ደግሞ ቦርሳ ተሸክሞ መሮጥ።

ልቡ የቆመ ሰው ይህን ሁሉ አይጠብቅም። አንጎል ኦክስጅን ካጣ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። ከትልቅ የደም ሥር የሚፈስ ደምም ካልታፈነ በደቂቃዎች ይገድላል።

አንድ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። ሰውዬው በጀርባው ተኝቷል። ሃያ የሚሆን ሰው ከቦታል። አንዱ ጃኬቱን አውልቆ ትራስ አድርጎለታል። አንዷ በደብተር ታራግብለታለች። ፊቱ ላይ ውሃ ተረጭቷል። ሸሚዙ ግን እንደተቆለፈ ነው፤ ደረቱን የነካው ሰው የለም። ከሃያው ሰው አንድም ጨካኝ አልነበረም። ሁሉም ያወቀውን አድርጓል። ሰውዬውን አላተረፍነውም። ስንመለስ ሄሊኮፕተሩ ውስጥ ያወራ ሰው አልነበረም።

ያ ደብተር ከዓይኔ አልጠፋም። ማራገቢያ የያዘው እጅ ደረት መጫን ይችል ነበር። የሚያስፈልገውም ብዙ አይደለም። የወደቀው ሰው ሲጠሩት ካልመለሰና በደንብ ካልተነፈሰ እርዳታ ይጠራል። ከዚያ መዳፍን ደረቱ መሃል ላይ አድርጎ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ነው። ሲያወሩት ይቀላል። በስልጠና ላይ ጉልበቱ የሚያስፈራ ጎረምሳ ተንበርክኮ ይጀምርና ላብ በላብ ሆኖ «ሁለት ደቂቃ አልሞላም እንዴ?» ይላል። ገና አርባ ሴኮንድ ነው። ለዚህ ነው መቀባበልን ጭምር የምናለማምደው። ይህን በወሬ ማስተማር አይቻልም። አሻንጉሊት ያስፈልጋል፣ ለትልቅ ሰውም ለሕፃንም።

ስለ ማረፊያም እናስተምራለን። አንድ ጊዜ ሰማይ ላይ ሦስት ዙር ዞረናል። በአካባቢው ያለው ሜዳ አንድ ነው፤ ሜዳውን ደግሞ እኛን ለማየት የወጣ ሰው ሞልቶታል። ስናያቸው ይበልጥ ያውለበልቡልናል! ዛሬ ያስቃል፣ ያን ቀን ግን ጥርሳችንን ነክሰን ነበር። ሄሊኮፕተር ሲያርፍ የሚያነሳው ነፋስ ቆርቆሮ ሳይቀር ያበርራል። ጭራው ላይ ያለው ትንሹ ፕሮፔለር ሲሽከረከር አይታይም፣ ስለዚህ ከኋላ መጠጋት ክልክል ነው። ሠራተኛው በእጁ እስኪጠራ ድረስ ማንም ፈቀቅ አይልም። በአቅራቢያው የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ ስትደውሉ ንገሩን፤ ከላይ ሆኖ ሽቦ ማየት ከባድ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ አንመጣም። ጉም ይኖራል፣ መብረቅ ይኖራል። በብዙ አገልግሎቶች ፓይለቱ የታመመው ማን እንደሆነ አስቀድሞ አይነገረውም። ሕፃን ነው ካሉት ልቡ አላስችል ብሎት በማይበረርበት አየር ሊነሳ ይችላላ። በእንዲህ ያለ ቀን የምድሩ አምቡላንስ እስኪደርስ በሽተኛው ያለው አጠገቡ የቆመው ሰው ብቻ ነው።

መሬት ላይ ያለውን ሰው ማዘጋጀት አዲስ ነገር አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ ጆን ፍሊን የሚባሉ ቄስ የበራሪ ሐኪም አገልግሎትን በ1928 (እ.ኤ.አ.) ሲያስጀምሩ አውሮፕላን ተገኘ፣ ሐኪም ተገኘ። በረሃው ውስጥ ያለው ቤተሰብ ግን በምን ይጥራቸው? ችግሩን የፈታው አልፍሬድ ትሬገር የሠራው እንደ ብስክሌት በእግር እየተዘወረ የራሱን ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ሬዲዮ ነው። ከ1942 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ ራቅ ብለው ለሚኖሩ ሰዎች የመድኃኒት ሣጥን ታደለ። እያንዳንዱ መድኃኒት ቁጥር አለው። ሐኪሙ በሬዲዮ የመድኃኒቱን ቁጥር ይጠራል፣ እናት ከሣጥኑ ታወጣለች። እኔ ከአውሮፕላኑ ይልቅ ሣጥኑ ይገርመኛል።

የጎደለን ይህ ነው። የመለማመጃ አሻንጉሊት። ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳው መሣሪያ መለማመጃው፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ የሚሰቀለው እውነተኛውም። ደም ማቆሚያ ማሰሪያና ፋሻ። ለማሠልጠኛ መኪናችን ነዳጅ። ከቻላችሁ በአንዴ ብዙ ከመስጠት በየወሩ ትንሽ ብትሰጡን እንመርጣለን። የመሣሪያው ባትሪ ያልቃል፤ ደረት ላይ የሚለጠፉት ፓዶችም ማንም ሳይነካቸው ጊዜያቸው ያልፍባቸዋል። መሣሪያ ገዝቶ ግድግዳ ላይ መርሳት እንዳይሆንብን ነው።

ገንዘብ የሌለው ሰው አዳራሽ ይፍቀድልን። ለሠራተኞቹ ሁለት ሰዓት ይስጥልን። እኛ የማንችለውን ቋንቋ የሚያውቅ መጥቶ ያስተርጉምልን፤ ይህኛው እንደ ገንዘብ ነው የሚቆጠረው። ለስልጠና የተሰጠ ገንዘብ ለበረራ አይውልም። የተገዛው ዕቃ ከነደረሰኙ በየስልጠናው በር ላይ ይለጠፋል፣ መጥታችሁ ቁጠሩት።

መጀመሪያ የሚገዛው አሻንጉሊቱ ነው። በትክክል ሲጫኑት «ቀጭ» ማለት ነበረበት። ካለፈው ወር ጀምሮ ዝም ብሏል፤ ሠልጣኞቹ ቀና ብለው እኔን ያዩኛል፣ «ቀጭ» የምለውም እኔ ነኝ።