የጉማራ ወንዝ ነጭ አሳ መራቢያን ለመጠበቅ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለጣና ዙሪያ ነዋሪዎች፣ እንዲሁም በአገር ውስጥና በውጭ ለምትገኙ የአካባቢው ተወላጆች በሙሉ፦

የጣና ነጭ አሳ ከአሥራ አምስት ያላነሱ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን፣ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ከእነዚህም ስምንቱ በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖራቸው ሌላ አሳ እያደኑ የሚኖሩ መሆናቸው እጅግ ያስደንቃል። በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ የነበሩት የሥጋ ዘመዶቻቸው አብዛኞቹ ከጠፉ ወዲህ፣ እንዲህ ያለ የዝርያዎች ስብስብ የቀረው በእኛው ሐይቅ ብቻ ነው።

ብዙዎቹ ዝርያዎች እንቁላላቸውን የሚጥሉት በሐይቁ ውስጥ አይደለም። ክረምት ሲገባ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በሌሎችም ወንዞች አፍ ላይ ይሰበሰቡና ንጹሕ ውኃ በጠጠር ላይ ወደሚፈስባቸው ገባሮች ሽቅብ ይወጣሉ። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ገብቶ እስኪፈለፈል ድረስ ንጹሕ አየር ያዘለ ወራጅ ውኃ ያስፈልገዋል፤ ጠጠሩ ለግንባታ ከተዛቀ ወይም ደለል ከሸፈነው ታፍኖ ይቀራል። በዚሁ ወቅት የወንዙን አፍ ከዳር እስከ ዳር በመረብ መዝጋት እንቁላል ያዘለውን አሳ ሁሉ ጠርጎ ማውጣት ነው፤ አሳን በሚያደነዝዝ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ዱቄት ማጥመድ ደግሞ ጫጩቱን ሳይቀር ይፈጃል። ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. በተደረገ ጥናት የነጭ አሳው ክምችት በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል፤ ከዚያ ወዲህ መረቡ በዛ እንጂ አልቀነሰም።

ስለዚህ እኛ የጉማራ ዳር አሳ አጥማጆች፣ አርሶ አደሮችና አሸዋ አውጪዎች በአንድነት ተመካክረን፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የወንዙ አፍና የመራቢያ ገባሮቹ እንዲጠበቁ፣ አሸዋና ጠጠርም ከእነዚህ ቦታዎች ውጭ እንዲወጣ ተስማምተናል። ስምምነቱን በሥራ ላይ ለማዋል ግን አቅም ይጠይቃል። በእነዚያ ወራት መረቡን ሰቅሎ የሚቀመጥ አጥማጅ ቤተሰቡን የሚያበላው ሌላ ገቢ የለውም፤ በመሆኑም የወንዝ ጠባቂዎችን ከእነዚሁ አጥማጆች መካከል መርጠን ክፍያ ልንሰጣቸው አስበናል፤ ይህ ከሁሉም የሚቀድም ወጪ ነው። በተጨማሪም ዓይነ ጠባብ መረቦችን በዓይነ ሰፊ መረብ ለመለወጥና በወንዙ ዳርቻ አገር በቀል ዛፎችን ለመትከል እንፈልጋለን።

የምትሰጡት ገንዘብ ከሦስቱም ወገን በተመረጡ ሰዎች ፊርማ ብቻ የሚንቀሳቀስ ሲሆን፣ ገቢና ወጪው በየወሩ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ገንዘብ የማይመቻችሁ የዝናብ ልብስ፣ ቦቲ ጫማ፣ የእጅ ባትሪ ወይም ችግኝ ብትሰጡን በደስታ እንቀበላለን። ጠባቂዎቹ ሐምሌ 1 ቀን ሥራ ስለሚጀምሩ፣ ድጋፋችሁ እስከ ሰኔ አጋማሽ እንዲደርሰን በአክብሮት እንጠይቃለን።