ባሕር ዳር ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ውሃችን የሚፈላው 94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ደጋ ላይ ንፍሮ ቶሎ እንደማይበስል የሚያውቁ እናቶች ነገሩን ሳይለኩም ደርሰውበታል። ተማሪዎች በሚያሳዩኝ የፊዚክስ ላብ ሪፖርት ላይ ግን የማየው ሁሌም ያንኑ ቁጥር ነው፤ 100።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚሁ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ የመለኪያ መሣሪያ ጠጋኝ ነበርኩ። የቦይለር ማኖሜትር፣ የእንፋሎት ቴርሞሜትር፣ ሚዛን፣ በእጄ ያላለፈ የለም። አሁን የሰፈር ልጆች ለፕሮጀክት ሴንሰር ይዘው ሲመጡ አብሬያቸው እቀመጣለሁ። 11ኛ ክፍል የምትማር የጎረቤቴ ልጅ ውሃ አፍልታ ለካች። ቴርሞሜትሩ 94 አለ። እሷ 100 ብላ ጻፈች። ምነው ስላት «ጋሼ፣ 94 ብዬ ብጽፍ እኮ ኤክስ ነው የሚደረግብኝ» አለችኝ። ሰነፍ እንዳትመስላችሁ፤ ጎበዝ ልጅ ናት። ማርክ በምን እንደሚገኝ ገብቷታል።

ሴንሰር ሲመጣ ጉዱ ይብሳል። ኤልኤም35 የሚባለው ርካሽ የሙቀት ሴንሰር ለእያንዳንዱ ዲግሪ 10 ሚሊ ቮልት ይሰጣል። አርዱዊኖ የሚባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ይህን የሚያነበው ራሱ ከሚሠራበት ቮልቴጅ ጋር እያነጻጸረ ነው። ልጆቹ የሚገለብጡት ኮድ ደግሞ ያ ቮልቴጅ ልክ 5 ነው ብሎ ያሰላል። ገመዱ ቀጭን ወይም ቻርጀሩ ደካማ ከሆነ ግን 4.7 ላይ ሊወርድ ይችላል። ኮዱ ይህን በምን ያውቃል? እንደ 5 ቆጥሮ ያባዛዋል። በዚህ ስሌት የእኛ 94 ዲግሪ ውሃ ስክሪኑ ላይ ስንት ሆኖ ይወጣል? 100! እንግዲህ ገመዱ የተበላሸበት ተማሪ ሙሉ ማርክ ያገኛል፤ በደህና መሣሪያ በትክክል የለካው ኤክስ ይቀበላል። ቴስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ይዞ ቮልቴጁን ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ማርክ ስለማያስገኝ ግን ማንም አይነካውም።

በነገራችን ላይ ያው ስክሪን 23.46 እያለ ይጽፋል። ያ ሰሌዳ በዚህ አያያዝ መለየት የሚችለው ግማሽ ዲግሪ ያህል ነው። ከነጥብ በኋላ ያሉት ቁጥሮች ጌጥ ናቸው፤ ልጆቹ ግን በጥንቃቄ ይገለብጧቸዋል።

ፋብሪካ ውስጥ አዲስ ቴርሞሜትር ሲመጣ ሳይፈተሽ አይገጠምም ነበር። ፍተሻው ለትምህርት ቤትም አይከብድም። የተፈጨ በረዶ ከውሃ ጋር ደባልቆ መንከር፤ ዜሮ ማለት አለበት። ከዚያ የሚፈላ ውሃ፤ 94 አካባቢ ማለት አለበት። ሁለቱን መዝግቦ ልዩነቱን ማረም። ለዚህ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። በረዶ ከጁስ ቤት ይገኛል።

«ለአንድ ለሁለት ዲግሪ ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ?» የሚል አይጠፋም። እስቲ ወደ ጣና እንሂድ። ተማሪዎች የሐይቁን ከፍታ በድምፅ ሴንሰር መለካት ይወዳሉ፤ ደስ የሚል ሥራ ነው። ሴንሰሩ ከውሃው 2 ሜትር ከፍ ብሎ ይሰቀላል፣ ድምፅ ይለቃል፣ የገደል ማሚቶው እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይቆጥራል። ችግሩ ድምፅ በሞቀ አየር ውስጥ ይፈጥናል። በ15 ዲግሪ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በ27 ዲግሪ ወደ 348 ይጠጋል። ጠዋት ላይ የተሞላውን ፍጥነት ሳይቀይር የሚያሰላ ኮድ እኩለ ቀን ላይ ማሚቶው ቶሎ ሲመለስለት ውሃው የቀረበ ይመስለዋል። ጠብታ ዝናብ ሳይጥል ጣና ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ሞላ ይላል! ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል። 4 ሴንቲ ሜትር በዚህ ስፋት ሲባዛ 120 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ከሐይቁ መውጫ ከጨረጨራ በር ምን ያህል ውሃ ይለቀቅ፣ ለጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ምን ያህል ይሂድ ብሎ ለሚያስብ መሐንዲስ ይህ ቀልድ አይደለም። ያ መሐንዲስ ደግሞ ዛሬ 94ን ወደ 100 የምትለውጠው ልጅ ልትሆን ትችላለች።

መፍትሔው ከድምፅ ሴንሰሩ ጎን የሙቀት ሴንሰር መስቀል ነው። እሱም መጀመሪያ በበረዶና በፈላ ውሃ የተፈተሸ።

መሣሪያ የለም የሚሉ አሉ። የሌላቸው ትምህርት ቤቶች ብዙ መሆናቸውን አላጣሁትም። ነገር ግን ዕቃው ኖሮ ከነካርቶኑ ቁምሳጥን ውስጥ የተቆለፈበትም ገጥሞኛል። ንብረት ያዡ በሞዴል 19፣ በንብረት መረከቢያ ቅጽ፣ ፈርሞ ተረክቧል፤ ቢሰበር ከደመወዜ ይቆረጣል ብሎ ይፈራል። አልፈርድበትም። ሴንሰር እንደ ጠመኔ አላቂ ዕቃ ተብሎ ቢመዘገብ ግን ቁልፉ ራሱ ይከፈት ነበር። ይህን ማድረግ ያለባቸው ርዕሰ መምህራንና የትምህርት ቢሮ ሰዎች ናቸው።

ከመምህራን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ላብ ሪፖርቱ ላይ «መለኪያህን በምን ፈተሽከው?» የሚል ጥያቄ ይጨመርና ከአሥር አራት ማርክ ይያዝለት። 94 ብሎ የጻፈ ተማሪ ከመጽሐፉ ለምን እንደተለየ ካስረዳ ሙሉውን ይስጡት። 100 ብሎ የጻፈውን ደግሞ ገመዱን ያሳያችሁ።

እኔ ቤት የተፈተሹ ቴርሞሜትሮችና ሁለት ቴስተሮች አሉ። መዋስ የሚፈልግ የባሕር ዳር መምህር ካለ በዚሁ ጋዜጣ በኩል ይጻፍልኝ። ሞዴል 22፣ የንብረት ማውጫ ቅጽ፣ አላስፈርምም።

ጡረተኛው የመለኪያ ጠጋኝ
ከጣና ክፍለ ከተማ፣ ባሕር ዳር