ተለማማጅ ተማሪዎችን ስለ መቀበል

የተወደዳችሁ የአጥቢያችን ሽማግሌዎች፤

ከነገረ መለኮት ኮሌጅ የሚላኩልን ተማሪዎች የስብከትን ሥርዓት በክፍል ተምረው ቢመጡም፣ ሐዘንተኛን ማጽናናትና የተጣሉ ባለትዳሮችን ማዳመጥ ግን ልምድ ባለው መጋቢ ሥር ሆነው ካልተለማመዱት በንባብ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ራሱ የአእምሮ ሕመም ታካሚ የነበረው አሜሪካዊው አገልጋይ አንቶን ቦይሰን በ1925 እ.ኤ.አ. ተማሪዎችን ወደ ዉስተር የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የወሰደው፣ ሕመምተኛው ሊጠና የሚገባው ሕያው ሰነድ ነው ብሎ ስለሚያምን ነበር።

ስለዚህ ተለማማጆቹ ከየጉብኝቱ በኋላ የሰሙትንና የመለሱትን፣ የባለጉዳዩን ስም አስቀርተው፣ ጽፈው ለመጋቢው ያቅርቡ፤ ለመምከር መቸኮል (የእኛም የነባሮቹ ድካም ነው) የሚታየው በዚህ ጽሑፍ ላይ ነውና። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ወይም የቤት ውስጥ ጥቃት የሰሙ እንደሆነ ግን ጉዳዩን ለብቻቸው ሳይዙ ወዲያውኑ ለመጋቢው ያሳውቁ፤ እርሱም ወደ ሐኪም ወይም ወደ ሕግ አካል ይምራው።