ቼካችሁን ከእንግዲህ በፖስታ የማንልከው ለምንድነው

ውድ ደንበኞቻችን እንደምን ከረማችሁ፣

ሰሞኑን ቢሮ ስትመጡ "የቢላችንን ቼክ እንደድሮው ጽፋችሁ አትልኩልንም ወይ" እያላችሁ ስትጠይቁን ነበር፣ አንዳንዶቻችሁም በስልክ ተቆጥታችኋል፣ እውነታችሁን ነው ቀድመን ማስረዳት ነበረብን። ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ጀምሮ የመብራት፣ የውሃ፣ የጋዝና የስልክ ቼክ አዘጋጅተን በፖስታ መላክ እናቆማለን። በምትኩ አብረናችሁ ቁጭ ብለን ኦንላይን እናስጀምራችኋለን፣ ለሱም አናስከፍልም።

ነገሩ የጀመረው ከራሳችን ጥፋት ነው። ባለፈው ዓመት በብርዱ ሰዓት አንድ አርብ ማታ ቢሮ ዘግተን ስንወጣ የአራት ደንበኛ ቼክ ያለባቸውን ፖስታዎች እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) መንገድ ዳር ያለ ሰማያዊ የፖስታ ሳጥን ውስጥ ከተትናቸው። የመጨረሻው የማንሻ ሰዓት ስንት እንደሆነ ሳጥኑ ላይ ተጽፏል፣ ማን ያነባል፣ ሰዓቱ አልፎ ስለነበር ፖስታዎቹ እዛው አደሩ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ አንዲት እናት ሂሳባቸው ጎድሎ መጡ፣ ስናይ ለውሃ 186 ዶላር ብለን የጻፍነው ቼክ 4,860 ሆኖ በማናውቀው ሰው ስም ተመንዝሯል፣ ፊርማው ግን የራሳቸው ነው። ባንኩ ገንዘቡን መለሰ፣ ግን ሁለት ወር ገደማ ፈጀ፣ በዛ ላይ ውሃው ስላልተከፈለ ሌት ፊ (የመዘግየት ቅጣት) መጣባቸው። እማማ ግን አልተቆጡም፣ "ልጆቼ እናንተ ምን ታደርጉ" ነው ያሉን፣ ከሁሉ ያሳፈረን እሱ ነው። ሌት ፊውን እኛ ከፍለናል።

ይሄ ሌብነት ስም አለው፣ ቼክ ዎሺንግ ይሉታል፣ በእኛ አፍ ቼክ ማጠብ። ከፖስታ ሳጥን የሰረቁትን ቼክ እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ (አሴቶን) ያለ ነገር ውስጥ ይነክሩትና ስሙና የገንዘቡ ቁጥር ይለቃል፣ ፊርማውን ሸፍነው ያስቀሩታል፣ ሲደርቅ የፈለጉትን ይጽፉበታል። ሳጥኑን ደግሞ መስበር እንኳ አያስፈልጋቸውም፣ ፖስታ አዳዮቹን መንገድ ላይ እየዘረፉ ቁልፉን ይወስዳሉ፣ አንዱ ቁልፍ ብዙ ሳጥን ይከፍታል። ነገሩ ስለባሰ የአሜሪካ ግምጃ ቤት የገንዘብ ወንጀል የሚከታተለው መሥሪያ ቤት፣ ፊንሰን፣ በፌብሩዋሪ 2023 ለባንኮች ሁሉ ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል።

"እኔ አካውንቴን ኢንተርኔት ላይ አልሰጥም" የምትሉን አላችሁ፣ ፍርሃቱ ይገባናል። ግን አንድ ቼክ አውጥታችሁ ከታች በኩል ያለውን እዩት፣ ዘጠኝ አሃዝ ራውቲንግ ነምበር (የባንካችሁ መለያ ቁጥር)፣ ሙሉ የአካውንት ቁጥራችሁ፣ ከላይ ስማችሁና አድራሻችሁ፣ ከስር ፊርማችሁ። ይሄን ሁሉ ነው በስስ ወረቀት ጠቅልለን መንገድ ዳር ጥለን የምንሄደው። ለቼክ ያለን ክብር ከሀገር ቤት የመጣ ይመስለናል፣ እዛ ደረቅ ቼክ የጻፈ ይታሰራል፣ ስለዚህ ቼክ የሚጽፍ ሰው የተከበረ ሰው ነው። አሁን ግን አዲስ አበባ ያለች እናታችን የመብራቷን ከሶፋዋ ሳትነሳ በቴሌብር ትከፍላለች፣ ልጇ እዚህ አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) ቁጭ ብሎ ቴምብር ይለጥፋል። ቴምብሩም በጁላይ 2025 78 ሳንቲም ገብቷል፣ በዛ ዋጋ በወር አምስት ቢል የሚልክ ሰው በዓመት 46 ዶላር ከ80 ለቴምብር ብቻ ያወጣል ማለት ነው።

ሌላው "ረቡዕ ጽፌ ብልክ እስኪደርስ ደሞዜ አርብ ይገባል" የሚለው ሂሳብ ነው፣ እኛም ድሮ እንዲሁ እናደርግ ነበር። አሁን አይሠራም። በኦክቶበር 2004 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ምክንያት ባንኮች ወረቀቱን ራሱን መላላክ ትተው ፎቶውን ነው የሚቀባበሉት፣ ቼኩ እጃቸው ከገባ በቀኑ ወይ በማግስቱ ገንዘቡ ሊወጣ ይችላል። መንገድ ላይ የሚዘገየው ፖስታው ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ የሚጎዳው እናንተን ነው፣ ምክንያቱም የቢል ድርጅቶች የሚያዩት የደረሰበትን ቀን እንጂ የላካችሁበትን አይደለም። የፌደራል ታክስ ለየት ይላል፣ ታክስ ሰብሳቢው አይአርኤስ በፖስታው ላይ ያለውን ማህተም ቀን ይቀበላል፣ ግን ማህተሙም ሳጥን ውስጥ በጣላችሁበት ቀን ላይመታ ይችላል፣ ስለዚህ በፖስታ የሚልክ ሰው ፖስታ ቤት ገብቶ መስኮቱ ላይ ማህተም ያስመታ።

አሁን ወደ ኦንላይኑ፣ እዚህ ጋ ጠንቀቅ በሉ ምክንያቱም ኦንላይን ስንል ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አንዱ በድርጅቱ በራሱ ገጽ (ዌብሳይት) ገብቶ መክፈል ነው፣ መብራታችሁ የፔፕኮ ከሆነ በፔፕኮ፣ የዶሚኒየን ከሆነ በዶሚኒየን። ሌላው ከባንካችሁ አፕ ውስጥ ቢል ፔይ የሚለውን ተጭኖ መላክ ነው። ሁለተኛው ጥሩ ይመስላል ሁሉም ቢል አንድ ቦታ ስለሚገኝ፣ ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ተቀባዩ ከባንኩ ጋር በኮምፒውተር ካልተገናኘ ባንኩ ራሱ ቼክ አትሞ በፖስታ ይልካል! አንድ ደንበኛችን የኮንዶ ክፍያውን በስልኩ ከፍሎ ተኝቶ ነበር፣ ቼኩ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶ ደረሰ፣ ቅጣት ተጣለበት፣ "ኦንላይን ከፍያለሁ እኮ" ብሎ ቢከራከር ማን ይሰማዋል። ስለዚህ ቢል ፔይ ስትጠቀሙ መቼ እንደሚደርስና በቼክ ይሁን በኤሌክትሮኒክ ከመጫናችሁ በፊት እዩ፣ ለአከራይና ለኮንዶ ከሆነ ቢያንስ አሥር ቀን ቀደም አድርጉ። የእኛ ምርጫ የድርጅቱ የራሱ ገጽ ነው፣ ኮንፈርሜሽን ነምበሩን (የመክፈላችሁን ማረጋገጫ ቁጥር) ወዲያው ይሰጣችኋል፣ እሱን ፎቶ አንሱት።

ኦቶፔይ ላይ፣ ማለትም ቢሉ በየወሩ ራሱ ከአካውንታችሁ እንዲቆረጥ ማድረግ ላይ፣ እኛም ቢሮ ውስጥ አልተስማማንም። አንዳችን ለሁሉም ይሁን ይላል፣ እኔ ደብዳቤውን የምጽፈው ግን ለኢንሹራንስ፣ ለመኪና ብድር፣ ለኢንተርኔት፣ በየወሩ እኩል ለሚመጣ ብቻ ነው የምለው። የጃንዋሪ ጋዝና የጁላይ መብራት ድንገት እጥፍ ሆኖ ይመጣል፣ ታክሲና ኡበር የምትነዱ ገቢያችሁ በየሳምንቱ ይለያያል፣ ሂሳቡ ጎድሎ ካገኘው ባንኩ የሚጥለው የኦቨርድራፍት ቅጣት አለ። ብዙ የመብራትና የጋዝ ድርጅቶች ክፍያውን በዓመቱ ውስጥ እኩል የሚያደርግ ፕላን አላቸው፣ እሱን ከያዛችሁ ኦቶፔይ ይሁን እሺ። ኦቶፔዩን ማስቆም ስትፈልጉ ለባንኩ ከመክፈያው ቀን ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን ቀድማችሁ ንገሩ፣ ያላዘዛችሁት ገንዘብ ስቴትመንት ላይ ካያችሁ ደግሞ ስቴትመንቱ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ አሳውቁ፣ ካለፈ መብታችሁ ይጠባል።

ገንዘቡ ከየት እንደሚወጣም እዩ። የካውንቲ ታክስ በካርድ ሲከፈል በመቶኛ ተጨማሪ ይቆርጣሉ፣ ከባንክ አካውንት ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ ወይ ነፃ ነው ወይ ትንሽ ነው። ፌርፋክስ ካውንቲ (ቨርጂኒያ) ያላችሁ ለኦክቶበር 5ቱ የመኪና ታክስ ይሄን አስታውሱ።

የኦንላይኑ ሌባ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ድርጅቱን ጉግል ላይ ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚመጣው ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል፣ ቢሉ ወረቀት ላይ ያለውን አድራሻ ራሳችሁ ጻፉ። ደውሎ "በ30 ደቂቃ ውስጥ መብራትህ ይቆረጣል፣ በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያው) ወይ በጊፍት ካርድ ክፈል" የሚል ሁሉ ሌባ ነው፣ ስልኩን ዘግታችሁ ቢሉ ላይ ባለው ቁጥር ደውሉ። በቴክስት የሚመጣውን ኮድ ለማንም፣ ለእኛም ጭምር አትንገሩ።

ቼክ ጨርሶ ይቅር አላልንም። ለቤተክርስቲያን፣ ለዕድር፣ ቧንቧ ለሚጠግን ሰው በእጅ የሚሰጥ ቼክ ምንም አይደለም። ፖስታ ውስጥ መግባት ካለበት በጄል ብዕር ጻፉ፣ ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ስለሚሰርግ ማጠብ ይከብዳቸዋል፣ ከዛ ፖስታ ቤት ውስጥ ገብታችሁ ስጡ። የታክስ ሪፈንድ በቼክ የምትጠብቁ ደግሞ የፌደራል መንግሥት ከሴፕቴምበር 30 2025 ጀምሮ የወረቀት ቼክ መላክ እያቆመ ስለሆነ ዳይሬክት ዲፖዚት (በቀጥታ ባንካችሁ እንዲገባ) እንሙላላችሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ከ8 እስከ 11 ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር) ለዚህ ብቻ ቢሮ ክፍት ነው። ከእያንዳንዱ ድርጅት የቅርብ ጊዜ አንድ ቢል፣ የቼክ ደብተራችሁንና ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ፓስወርድ ራሳችሁ ትጽፋላችሁ እኛ ዞር እንላለን። ልጆቻችሁ ያስጀመሯችሁም ካላችሁ ኑ፣ ባለፈው አንድ አባት ሊከፍሉ ሲሉ ኮዱ የሚሄደው ሲያትል ላለ ልጃቸው ስልክ ነው፣ ልጁ ሥራ ላይ ነው፣ ጋሼ እዚህ ቁጭ ብለው አንድ ሰዓት ጠበቁ። በራሳችሁ ቁጥር እንቀይረዋለን።

በቼክ እቀጥላለሁ የሚል አይገደድም፣ ራሱ ጽፎ ራሱ ይላክ። ጄል ብዕር መግቢያው ጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠናል፣ አንድ አንድ ውሰዱ።

አክባሪዎቻችሁ፣
የቢሮው ልጆች